የደብዳቤው ራስጌ ከየትኛውም ፕሮግራም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲወጣ

ሉማሜ፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ፣ በአንድ የሥራ ቀን ከቢሮዎቿ የሚወጣውን ወረቀት አስቡት፦ ለባንክ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የውሎ አበል ማጠቃለያ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ለዞኑ የሚላክ የሩብ ዓመት ሪፖርት። ደብዳቤው የሚጻፈው በወርድ ነው። ሪፖርቱ በኤክሴል ይሠራል። የሒሳብ ሪፖርቱ ከአይቤክስ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፒችትሪ ይወጣል። የጤናው መረጃ በብሮውዘር ከሚከፈተው ዲኤችአይኤስ ቱ ይታተማል። ከአንድ ጽሕፈት ቤት የወጡ ወረቀቶች እንኳ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ቤት አይመስሉም። አንዱ ላይ አርማው ገዝፏል፣ ሌላው ላይ ወደ ጎን ተጨፍልቋል፣ ሌላው ላይ ጭራሽ የለም።

ማተሚያ ቤት በታተመ ሄድ ፔፐር እንሠራ በነበረ ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም። ወረቀቱ ፕሪንተሩ ውስጥ ይገባል፣ ትእዛዙ ከየትኛውም ፕሮግራም ቢመጣ ራስጌው ያው ነው። የሄድ ፔፐር ጣጣው ሌላ ነበር። ዋጋው እንዲቀንስ በብዛት ይታዘዛል፤ እሽጉ ሳይጋመስ ስልክ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ወይም ጽሕፈት ቤቱ ከሌላው ጋር ተዋህዶ ስሙ ይለወጣል። ከዚያ የድሮው ስም በእስክሪብቶ እየተሰረዘ ደብዳቤ ይወጣል፤ ተቀባዩም «ይህ ትክክለኛ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ራስጌውን ከኮምፒውተር ማተም ተገቢ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ከድሮው ወረቀት አንድ ነገር ይዘን መሄድ ነበረብን፣ አልያዝንም። ሄድ ፔፐር ላይ ራስጌው የጽሑፉ አካል አልነበረም። ቀድሞ ወረቀቱ ላይ አለ፤ የጽሑፉ ድርሻ ቦታውን መልቀቅ ብቻ ነው። ዛሬም ሥራው የሚቀናው በዚህ መንገድ ሲታሰብ ነው፦ ራስጌው በአንድ ቦታ የተቀመጠ አንድ ፋይል ይሁን፣ ሁሉም ፕሮግራም እኩል ቦታ ይልቀቅለት።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኮምፒውተር ሳይሆን ማስመሪያ ነው። ከአሮጌው ሄድ ፔፐር የተረፈ አንድ ቅጠል ውሰዱና ከወረቀቱ አናት እስከ ራስጌው የመጨረሻ መስመር ድረስ ለኩ። 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለጽሑፉ የላይኛውን ማርጅን 4.5 አድርጉ። ከታች አድራሻና ስልክ ካለ እሱንም እንዲሁ ለኩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ከዚህ በኋላ በየፕሮግራሙ የምትሞሉት እነሱን ነው። አርማውን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አታጣብቁት፤ አብዛኛው የቢሮ ፕሪንተር ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ማተም አይችልም፣ ይቆርጠዋል።

የወረቀቱን መጠንም እዚሁ ላይ አስተካክሉ። ከገበያ የምንገዛው ወረቀት ኤፎር ነው፣ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። ዊንዶውስ የአሜሪካ ቅንብር ይዞ ሲጫን ግን ወርድም ኤክሴልም «ሌተር» የሚባለውን መጠን ይመርጣሉ፤ እሱ 216 በ279 ነው። ቁመቱ በ18 ሚሊ ሜትር ስለሚያጥር ከታች ያለው አድራሻ ወደ ላይ ይሸሻል ወይም ወደ ሁለተኛ ገጽ ያመልጣል። ፕሪንተሩ ወረቀት ሞልቶለት ሳለ «ወረቀት አስገቡ» እያለ የሚያስቸግረውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። በየፕሮግራሙ ከማረም በፊት የኮምፒውተሩንና የፕሪንተሩን መነሻ ቅንብር ኤፎር ማድረግ ይቀድማል።

ቀጥሎ አርማው። በቢሮዎቻችን የሚታየው የአርማ መበላሸት አብዛኛው ከቴሌግራም ይመጣል። አንዱ ከድሮ ደብዳቤ ላይ በስልኩ ያነሳዋል፣ እንደ ፎቶ ይልከዋል፣ ተቀባዩ ያወርደውና ለሌላው ይልካል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ሥዕል ያሳንሰዋል፤ በስልክ የተነሳው ደግሞ ነጩ ወረቀት ግራጫ ሆኖ አብሮ ይመጣል። ስክሪን ላይ ደህና የመሰለው አርማ ሲታተም ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ዙሪያው የጠቆረ ይሆናል። መፍትሔው ሄድ ፔፐሩን ወዳተመው ማተሚያ ቤት መደወልና ዋናውን ፋይል መጠየቅ ነው፤ ዲዛይኑ የተሠራው በኮምፒውተር ነውና ፋይሉ ሊኖር ይችላል። ሲልኩላችሁ «እባካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልን» በሏቸው። ዋናው ከጠፋ ንጹሑን ወረቀት በስካነር በ300 ዲፒአይ አንሱት። በዚህ ልክ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አርማ 354 ፒክስል ያህል ይኖረዋል፤ ከዚያ ካነሰ ለሕትመት አይበቃም።

ከአርማው ጎን ያለው የአማርኛ ስም ሌላ ችግር አለው። በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ራስጌዎች የተጻፉት ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች የሚሠሩት የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የጽሕፈት ቤቱ ስም የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ዝርክርክ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ ቢጻፍም ኒያላ የሚባለው ፎንት ያለበትና የሌለበት ኮምፒውተር የፊደሉን ስፋት እኩል ስለማያወጡት በአንድ መስመር የገባው ስም ሁለት መስመር ይሆናል። ስለዚህ ስሙን፣ አርማውንና መለያ መስመሩን በአንድ ላይ አቀናብሩና መላውን ራስጌ እንደ አንድ ሥዕል፣ ደግሞም እንደ አንድ ገጽ ፒዲኤፍ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ፎንት ኖረ አልኖረ አያሳስብም። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያትም ፕሪንተር ካላችሁ የአርማውን ባለ አንድ ቀለም ቅጂም አብራችሁ አሠሩ፤ ቀይና አረንጓዴ ሁለቱም ወደ ተመሳሳይ ግራጫ ሲቀየሩ የአርማው ውስጥ አይለይም።

አሁን ወደ ወርድ። ሥዕሉ መግባት ያለበት «ኢንሰርት» ውስጥ ካለው «ሄደር» ነው እንጂ ደብዳቤው በሚጻፍበት ቦታ አይደለም። በጽሑፉ ቦታ ከገባ አንድ ሰው ኢንተር በተጫነ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳይታወቅም ይሰረዛል። ሄደር ውስጥ ያስገባች ጸሐፊ ሁሉ ወዲያው የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ጋሼ፣ አርማው ለምን ደበዘዘ?» አልደበዘዘም፤ ወርድ ጽሑፉ ላይ ስንሆን ሄደሩን አፍዝዞ ያሳየናል፣ ሲታተም ግን ሙሉ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ቀጥላችሁ «ዲፈረንት ፈርስት ፔጅ» የሚለውን ምረጡ፤ ራስጌው በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ይሆናል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱን ስም በአነስተኛ ፊደልና የገጽ ቁጥሩን ብቻ አድርጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ ዘዴ አለ። የላይኛውን ማርጅን 4.5 ካደረጋችሁት ሁለተኛውም ገጽ ላይ ያ ሁሉ ቦታ ባዶ ይቀራል። በዚህ ፈንታ ማርጅኑን 2.5 አድርጉት፤ ሥዕሉን ደግሞ ከጽሑፍ ጋር በመስመር እንዲቀመጥ እንጂ እንዲንሳፈፍ አታድርጉት። ወርድ ሄደሩ ከማርጅኑ ሲበልጥ ጽሑፉን ራሱ ወደ ታች ይገፋዋል። በመጀመሪያው ገጽ ጽሑፉ ከራስጌው በታች ይጀምራል፣ በሁለተኛው ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ጸሐፊዋ ምንም መንካት አይጠበቅባትም።

ሲያልቅ እንደ ተራ ፋይል ሳይሆን እንደ ወርድ ቴምፕሌት አስቀምጡት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ተራ ፋይል ከሆነ ትናንት ለእገሌ የተጻፈው ደብዳቤ ተከፍቶ ስሙ ብቻ ይቀየርና፣ ጉዳዩ ወይም ግልባጩ የትናንቱ እንደሆነ ይወጣል። ቴምፕሌቱን ሁለቴ ስትጫኑት ግን አዲስ ባዶ ደብዳቤ ይከፍታል፣ ዋናው አይነካም። ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ የተያያዙ ከሆነ ቴምፕሌቱን በጋራ ፎልደር አስቀምጡትና በወርድ የፋይል ቦታዎች ቅንብር ውስጥ «ወርክግሩፕ ቴምፕሌት» የሚለውን ወደዚያ አመልክቱ። ኔትወርክ በሌለበት በፍላሽ ይዞራል፤ እንደዚያ ከሆነ የፋይሉ ስም ላይ የተሠራበትን ወርና ዓመት ጨምሩበት፣ የትኛው አዲሱ እንደሆነ እንዲለይ። ራስጌውን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማስቀመጥን አልመክርም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ፋይሉ በእጁ ያልነበረ ሰው ደብዳቤ ማውጣት አይችልም ነበር።

ኤክሴል ጠባዩ ሌላ ነው። በተለመደው እይታ ሄደር አይታይም፤ ወደ «ፔጅ ሌይአውት» እይታ ስትቀይሩ ከላይ ሦስት ሳጥን ይመጣል፣ ግራ፣ መሐልና ቀኝ። ሙሉውን ራስጌ እንደ አንድ ሥዕል መሐለኛው ውስጥ በ«ፒክቸር» አስገቡት። ሳጥኑ ውስጥ ሥዕሉ ሳይሆን አጭር ኮድ ይታያል፤ ከሳጥኑ ስትወጡ ሥዕሉ ይመጣል። ወርድ እንደሚያደርገው ኤክሴል ሰንጠረዡን ወደ ታች አይገፋም። ማርጅኑን 4.5 ካላደረጋችሁት አርማው የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ ይደረባል። ሌላው «ስኬል ዊዝ ዶክዩመንት» የሚለው ምልክት ነው። ሰፊ የደመወዝ ሰንጠረዥ በአንድ ገጽ እንዲገባ ስናሳንሰው ይህ ምልክት ካልጠፋ ራስጌውም አብሮ ያንሳል፤ ደብዳቤው ላይ መዳፍ የሚያህለው ራስጌ ሪፖርቱ ላይ ቴምብር ያህላል። አጥፉት። ራስጌው የሚሠራው ለተከፈተው ሺት ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ለአሥራ ሁለቱ ወር አሥራ ሁለት ሺት ካለ በባዶ ሺት ላይ አንዴ አዘጋጅታችሁ ሺቱን ራሱን ማባዛት ይቀላል። ኤክሴል ለመጀመሪያው ገጽ ለብቻው ማርጅን አይሰጥም፣ ስለዚህ የሁለተኛው ገጽ አናት ባዶ ይሆናል። ይህንን መቀበል ነው፤ በየገጹ የሚደገመውን የሰንጠረዥ ርዕስ «ፕሪንት ታይትልስ» በሚለው ካስያዛችሁት ባዶነቱ አያስከፋም።

ከአይቤክስ፣ ከፒችትሪ ሪፖርቶችና ከብሮውዘር የሚወጣው ግን በውስጡ ራስጌ ለማስገባት የማይመች ነው። ለእነዚህ ሁሉ የሚሠራው መንገድ ፒዲኤፍ ነው። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚባል ፕሪንተር አብሮ ይመጣል፤ ማተም የሚችል ፕሮግራም ሁሉ ወደ እሱ ያትማል። ሪፖርቱ ፒዲኤፍ ከሆነ በኋላ ራስጌው ያለበት ፒዲኤፍ ከሥሩ ይነጠፍለታል። ይህንን አክሮባት ፕሮ «ባክግራውንድ» በሚለው ይሠራዋል፤ ለመግዛት አቅም ለሌለው ፒዲኤፍቲኬ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አለ። ፒዲኤፍቲኬ ሁለት ገጽ ያለው ራስጌ ቢሰጠው የመጀመሪያውን ለመጀመሪያው ገጽ፣ ሁለተኛውን ለቀሩት ገጾች ሁሉ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ የራስጌ ፒዲኤፋችሁን ሁለት ገጽ አድርጉት፤ አንደኛው ሙሉ ራስጌ፣ ሁለተኛው ስም ብቻ ወይም ባዶ። ፒዲኤፍቲኬ በትእዛዝ መስመር ስለሚሠራ፣ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ትእዛዙን በአጭር ፋይል ጽፎ ዴስክቶፕ ላይ ቢያስቀምጠው የቀረው ሰው ሁለቴ መጫን ብቻ ይሆናል ሥራው።

ራስጌው ከሥር ተነጥፎ ሳይታይ ከቀረ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ የሪፖርቱ ገጽ ራሱ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። በኤክሴል ሕዋሶቹ ነጭ ከተሞሉ፣ ወይም ገጹ ስካን የተደረገ ሥዕል ከሆነ ነጩ ራስጌውን ይሸፍነዋል። የኤክሴሉን ሙሌት «ኖ ፊል» አድርጉት፤ ስካን ለሆነው ደግሞ ራስጌውን ከሥር ሳይሆን ከላይ አድርጉለት። ከብሮውዘር ስታትሙ «ሄደርስ ኤንድ ፉተርስ» የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ካልተነሳ የድረ ገጹ አድራሻና የፈረንጅ ቀን በገጹ አናትና ግርጌ ይታተማል። እዚያው ማርጅኑን «ከስተም» አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን ቁጥር መሙላት ትችላላችሁ። ፒችትሪ ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል ማውጣት ስለሚችል፣ ራስጌ የተዘጋጀለት የኤክሴል ፋይል ላይ መገልበጥም አማራጭ ነው።

አንዳንድ ፕሪንተሮች በድራይቨራቸው ውስጥ «ዋተርማርክ» ወይም «ኦቨርሌይ» አላቸው፤ ከየትኛውም ፕሮግራም የመጣውን ሁሉ አንድ ሥዕል ይደርቡበታል። ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅንብሩ በየኮምፒውተሩ ይቀመጣል፣ ድራይቨሩ እንደገና ሲጫን ይጠፋል፣ ለዋናው ኃላፊ ልመና የሚጻፍ የግል ማመልከቻም የመንግሥት ራስጌ ይዞ ይወጣል። አንድ ፕሪንተር ለደብዳቤ ብቻ ከተለየ እንጂ አልመክረውም። ደግሞም ለሁሉም ወረቀት ራስጌ ማበጀት ግዴታ አይደለም። ሃያ ገጽ ሪፖርት ከሆነ ራስጌ ባለው አንድ መሸኛ ደብዳቤ ሥር «አባሪ 20 ገጽ» ብሎ በየገጹ ማህተም ማሳረፍ በቂ ነው፤ መዝገብ ቤትም የሚያውቀው አሠራር ነው።

በገጹ መሐል አርማውን አደብዝዞ ማስገባት የሚወዱ ቢሮዎች አሉ። እነሱን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ እዩት። ግልባጭ የሚደረግለት ክፍል የሚደርሰው ኮፒው ነው፤ በግል ማኅደር የሚቀመጠውም ብዙ ጊዜ ኮፒው ነው። የደበዘዘው አርማ በኮፒ ይጠቁርና ጽሑፉን ይውጠዋል። ጡረታ ለመውጣት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማኅደሩን የሚያስወጣ ሠራተኛ የቅጥር ቀኑን ማንበብ ሊያቅተው ይችላል።

ቁጥርና ቀን በስተቀኝ የሚጻፉበትን ቦታ ባዶ ተዉት፤ ወጪ መዝገቡን የያዘው ሰው በእጁ ይሞላዋል። ወርድ ቀኑን በራሱ የሚያስገባበትን መንገድ በቴምፕሌት ውስጥ አታድርጉ። የሚያስገባው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ በራሱ እንዲታደስ ከተደረገ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የሚለወጥ መሆኑ ነው። መስከረም ላይ የወጣ ደብዳቤ ጥር ላይ ለማስረጃ ሲከፈት የጥር ቀን ይዞ ይገኛል።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ይህንን ነው፦ ማህተምና ፊርማ በምንም ምክንያት ራስጌው ፋይል ውስጥ አይግቡ። «ኃላፊው መስክ ሲወጡ ሥራ እንዳይቆም» ተብሎ የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ። የዳግማዊ ምኒልክን ደብዳቤዎች ያየ ሰው ማህተሙ ከደብዳቤው አናት ላይ እንደሚያርፍ ያስተውላል፤ በዚያ ዘመን ራስጌውም ማረጋገጫውም አንድ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ተለያይተዋል። ራስጌው ደብዳቤው ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ ትክክለኛ ስለመሆኑ አይመሰክርም፤ ማንም አስመስሎ ሊሠራው ይችላል። የሚመሰክሩት ፊርማው፣ ቲተሩ፣ ማህተሙና ወጪ ቁጥሩ ናቸው። እነዚህ በፋይል ውስጥ ከገቡ ፍላሹን ያገኘ ሁሉ የጽሕፈት ቤቱን ሥልጣን አገኘ ማለት ነው። ከወረቀት የተቆረጠ የፊርማ ሥዕል በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከተደነገገው ዲጂታል ፊርማ ጋርም አይምታታ። ያኛው በምስክር ወረቀት የሚረጋገጥና ሰነዱ ቢነካ የሚያሳብቅ ነው፤ ይኼኛው ማንም ገልብጦ ሌላ ደብዳቤ ላይ የሚለጥፈው ሥዕል ነው። ኃላፊው በማይኖሩበት ጊዜ በጽሑፍ ውክልና ሰጥተው ተወካዩ በራሱ ስም ይፈርም።

ሁሉም ሲያልቅ ከየፕሮግራሙ አንድ አንድ ገጽ አትሙና ደራርባችሁ ወደ መስኮት ብርሃን ያዙት። የአርማው ጠርዝና መለያ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ከገጠሙ ሥራው ተስተካክሏል። አንዱ ካፈነገጠ መጀመሪያ የወረቀት መጠኑን፣ ቀጥሎ ማርጅኑን፣ ከዚያ በማተሚያ መስኮቱ ላይ «ፊት ቱ ፔጅ» ተመርጦ እንደሆነ እዩ፤ ፒዲኤፍ ሲታተም ምርጫው «አክቹዋል ሳይዝ» መሆን አለበት፣ አለዚያ ገጹ በጥቂት በመቶ ያንሳል።

የራሱ ፕሪንተር የሌለው ወይም ቶነር ያለቀበት ቢሮ ከተማው ውስጥ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄዱ አይቀርም። ወደዚያ ስትሄዱ ቴምፕሌቱን ሳይሆን ያለቀለትን ፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎንትም አቀማመጥም አይናወጥም፣ የባዶ ራስጌው ፋይልም ከቢሮ አይወጣም። ለዚህ የሚሆን የተለየ ፍላሽ መድቡ፤ በየቤቱ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመለሳልና ቢሮ ስትደርሱ ሳትከፍቱት በፊት ስካን አድርጉት። ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ከታተመ ከመውጣታችሁ በፊት ከዴስክቶፑም ከሪሳይክል ቢኑም አስጠፉት፤ በቴሌግራም ልካችሁላቸው ከሆነም «ለሁለቱም ወገን» ብላችሁ አጥፉት።